ቅጠል ውስጥ የቀረው ብቅል

«እማ፣ እህሉ ያው እህል አይደለም? አራት ቀን ቅጠል ውስጥ አስተኝተን ብናበቅለው ምን ይጨመርለታል?»

ልጄ ይታይሽ ይህን ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠላ ጠምቄ ስኖር ብቅል ለምን እንደሚበቅል ጠይቄ አላውቅም። እናቴ ታበቅል ነበር፤ እኔም አበቀልሁ።

በእኛ ከተማ በወንቃ በር ሰው ሲቸኩል የሚነገር አንድ አባባል አለ። ሽማግሌዎች ዘር ሳይጠያየቁ ሠርግ የሚቆርጡ ሰዎችን ሲያዩ ይሉታል። ጭቃው ሳይደርቅ አዲስ ቤት የሚገባውንም እንዲሁ ይሉታል። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ላይ አስተማሪያችን «መነሻውን የሚያውቅ ካለ ጽፎ ያምጣ» ሲለን፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። «ይሄማ የአያቶቻችን ነው፤ መነሻው ማን ያውቀዋል» አሉ። እኔ አልሳቅሁም። አባባሉ የወጣው ከእኔ ጓሮ ነው። ገና አራት ዓመቱ ነው።

ይታይሽ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን የምንኖረው በጠላ ነው። በራችን ላይ ረጅም እንጨት ተክለን ጣሳ ደፍተንበታል፤ መንገደኛው ያንን እያየ ይገባል። የልጄ እጅ ከእኔ ይሻላል። የእሷ ጠላ ይጠራል፣ ራስ አይነካም። ልቧ ግን ከቤት ከወጣ ቆይቷል። እኩዮቿ አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ሄደው አልቀዋል፤ የእሷም ፓስፖርት ደላላው እጅ ከገባ ወር ሆኖታል። እኔ ምንም የምፈልገው ነገር ሳይኖር በቀን አሥር ጊዜ ስሟን እጠራ ነበር።

«ይታይሽ»

«አቤት እማ»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

መኖሯን መስማት ነበር የምፈልገው።

ደረበ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ደረበ የባሌ የወንድም ልጅ ነው። በአንድ ትልቅ ከተማ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት እንደሠራ እንሰማ ነበር። ከሁዳዴ ጾም በፊት፣ የሠርጉ ወቅት ሳያልፍ፣ አንድ ሐሙስ ሳናስበው ከተፍ አለ። ጫማው ያበራል፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። ያቀረብሁለትን ሽሮ ሳይቀመጥ ጀመረው።

«ቁጭ በል እንጂ አንተ ልጅ፤ ሽሮው አይሸሽም» አልሁት።

«እትዬ አንጓች፣ የመጣሁት ለአሥር ቀን ነው። ቁጭ ካልሁ ያልቅብኛል» አለኝ እየጎረሰ።

በልቶ ሲጨርስ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ቤልጂየም በሚባል አገር ገበሬው በቤቱ የሚጠምቀው ነጭ ቢራ እንዳለ ነገረን። የሚሠራው ከስንዴ ነው፤ ስንዴውም ሳይበቅል፣ ጥሬውን ይገባል። ወደ ፋብሪካው የመጣ አንድ ፈረንጅ ጠማቂ አሠራሩን ሲናገር ሰምቶ በእጁ ጽፎ ይዞታል። የብርቱካን ልጣጭና ድንብላል ይጨመርበታል አለን።

«ድንብላል? የወጥ ድንብላል?» አለች ይታይሽ።

«የወጥ ድንብላል።»

ይታይሽ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር። «እማ፣ ሰማሽ? ፈረንጆቹ ጓዳችንን ሰርቀውናል» አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ይሳካል አይሳካም ብዬ ያኔ አላሰብሁም። ልጄ ስቃለች፤ ይህ ሰው ያስቀርልኝ ይሆን ወይ ብቻ ነበር ያልሁት።

በማግስቱ ደረበ ይታይሽን አስከትሎ ወደ አቶ ቢያድግልኝ ሄደ። አቶ ቢያድግልኝ በአውራ ጎዳናው ላይ ሆቴል ያለው ሰው ነው፤ የዚያን ጊዜ ሊድር ሽር ጉድ ይል ነበር። የሴት ልጁ ሠርግ የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው። ይታይሽ ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ በርቷል።

«እማ፣ ነጩን ቢራ ለሠርጉ አድርሱልኝ አለ። እንግዳው ከወደደው ከሆቴሉ ጎን ያለችውን ክፍል ይሰጠኛል። በራሴ ቤት እጠምቃለሁ።»

«ፓስፖርቱስ?» አልኋት። አፌ አላርፍ ብሎኝ ነው።

«ክፍሉን ካገኘሁ ምን ያደርግልኛል? ሄጄ ከደላላው እቀበላለሁ» አለች።

ያን ቀን የልጄ መቅረት በአንድ ጋን ቢራ ላይ ተንጠለጠለ።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ደረበ እያነበበ ነገረን። ጥሬ ስንዴ ይገባል፣ የገብስ ብቅልም ይገባል። እኔ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበርና ወረቀቱን ተቀብዬ ገለባብጬ መለስሁለት። ገብሱን ዓርብ ዕለት ነከርነው። ቅዳሜ አጥልለን በኮባ ቅጠል ጠቀለልነውና ድንጋይ ጫንንበት። በቆላ ቢሆን ሦስት ቀን ይበቃዋል። የወንቃ በር ብርድ ግን ብቅል ያዘገያል። ረቡዕ ቅጠሉን ገለጥ አድርገን ስናይ አንዳንዱ ፍሬ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አውጥቷል እንጂ አብዛኛው ገና ተኝቷል። ቢደርስም እንኳ ፀሐይ ላይ መሰጣትና መፈጨት ይቀረዋል። ቢራው ደግሞ ለእሑድ እንዲደርስ የግድ ረቡዕ መጠመቅ አለበት።

ደረበ ሰዓቱን አየ። ቅጠሉን መልሶ ሸፈነው።

«ይቅር» አለ። «የዚህ ቢራ ምስጢሩ ጥሬው ስንዴ ነው። ብቅሉ ለቀለም ነው። እኛ የምንፈልገው ነጭ አይደል? እንዲያውም ይነጣልናል።»

«ያለ ብቅል?» አልሁት። «ያለ ብቅል የተጠመቀ ነገር አይቼ አላውቅም።»

ይታይሽ ቀና ብላ ያችን ጥያቄ የጠየቀችኝ ይህን ጊዜ ነው። እህሉ ያው እህል አይደለም ወይ? ለመጨቃጨቅ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። «እንደዚያ ነው የሚደረገው» አልኋት።

«እንደዚያ ነው የሚደረገው፣ እንደዚያ ነው የሚደረገው» አለች በቀስታ። «እዚህ አገር ሁሉም ነገር መልሱ ይሄ ነው።»

ከዚያ በኋላ መናገር ፈራሁ።

ስንዴውን አስከክተን፣ የማኅበሩን ትልቅ ድስት ተውሰን ጓሮ ጣድን። ውኃው ሲሞቅ ክኩን ጨመርን፤ ይታይሽ በረጅም ማማሰያ ታማስላለች። እማማ ጠጅቱ ከአጥሩ ማዶ ጭሱን አይተው መጡ። እማማ ጠጅቱ ጎረቤቴ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች በኋላ እንደ እናት የሆኑልኝ፣ የጠላ አጠማመቄንም ያቃኑልኝ እሳቸው ናቸው። ያልበቀለውን ገብስ ገለጥ አድርገው አዩ። ወደ ድስቱ ጠጋ ብለው በጭልፋ ቀድተው አቀዘቀዙና በጣታቸው ቀመሱ።

«ብቅል የገባበት ነገር በዚህ ሰዓት ምላስ ላይ ማር ማር ይላል» አሉ። «ይሄ ምንም አይልም። ሙቅ ነው። ከመካከላችሁ የወለደች ካለች ስጧት።»

ደረበ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ የፈረንጅ ጠላ ነው፤ የእርስዎ አይደለም። ስኳር እንጨምርበታለን።»

«የፈረንጅ ስንዴ በአየር ላይ ነው የሚበቅለው?» አሉና ወጡ። ጥቂት ቆይተው ግን ተመለሱ። እንቅብ ሙሉ የራሳቸውን ብቅል ይዘዋል፤ የደረቀ፣ ሽታው ከሩቅ የሚያውድ። ለፋሲካ ያዘጋጁት ነበር። ደጃፌ ላይ አስቀመጡት።

«አንጓች፣ አስፈጭተሽ ጨምሪበት። እሳቱን ቀንሺና ትንሽ ይቆይ፤ ራሱ ይቀጥንልሻል» አሉኝ።

እንቅቡን አየሁት። ልጄን አየኋት። ላብ በግንባሯ ይወርዳል፤ ደረበን የምታየው መንገድ እንደሚያውቅ ሰው አድርጋ ነው። አሁን ብቅሉን ብቀበል ደረበን አላምነውም ማለት ነው፤ ነጩ ቢራ ተራ ጠላ ሊሆን ነው፤ ይታይሽም «ይኸው እንደ ልማዳችሁ» ብላ ማማሰያውን ልትጥል ነው። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ራሴን አስፈራራሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ ለፋሲካዎ ያቆዩት» አልኋቸው። እንቅቡን በገዛ እጄ አንሥቼ መለስሁላቸው።

እስከ ዛሬ እጄን ሳይ የማየው ያንን እንቅብ ነው።

ድስቱ ውስጥ ያለው አልቀጥን አለ። በነጠላ ብናጠልለው አልጠልል አለ። ውኃ ጨመርን። የጌሾ ውኃ፣ የተወቀጠ ድንብላል፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ስኳር ገባበት። ሽታው ደስ ይል ነበር፤ መንገደኛ ሁሉ «አንጓች፣ ምን ልታጠጪን ነው?» እያለ ያልፋል። በወይራ ባጠንናቸው ሁለት ጋኖች ሞላነው፤ ከጠላ ድፍድፍ ትንሽ እርሾ ጨመርንበት። ሐሙስ አረፋ አወጣ። ይታይሽ እጄን ይዛ ጎትታ አሳየችኝ። ዓርብ ግን አረፋው ተኛ። እርሾው ስኳሩን በልቶ አረፈ፤ ስንዴውን አልነካውም። ደረበ «እያረፈ ነው» አለን። ቅዳሜ አፉን በጭቃ መርገን ዘጋነው።

እሑድ አንዱን ጋን በጋሪ ወደ ሠርጉ ቤት ወሰድነው። ሁለተኛው ጓሮ ቀረ።

በእኛ አገር የጠመቀች ሴት ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት በባለቤቱ ፊት ራሷ ትቀምሳለች። ይህ ለማንም አይቀርም። ዳሱ ሞልቷል፤ ይታይሽ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። ጋኑ ተከፈተ። በብርጭቆ ቀዳች። ሲቀዳ ድምፅ አልነበረውም። ከጋኑ አፍ እስከ ብርጭቆው እንደ ተልባ ተሳበ።

አቶ ቢያድግልኝ፣ ሚስቱና ሽማግሌዎቹ ቆመው ያያሉ። ልጄ ጠጣች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ዋጠችው። ጎምዛዛውን፣ የሚያጣብቀውን ነገር ሙሉ ጉንጭ ዋጠችው።

«እንዴት ነው ልጄ?» አለ አቶ ቢያድግልኝ።

ጥሩ ነው ልትል ትችል ነበር። ክፍሉ ከዚያች ቃል ማዶ ነበር። ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች።

«አይቀርብም፣ ጋሽ ቢያድግልኝ» አለች።

አቶ ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ ጋኑ ውስጥ አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አልተቆጣም። «ይሁን። ከዳሱ ኋላ ድፉት፤ ልጆች እንዳይነኩት» ብሎ አዘዘ። የፋብሪካ ቢራ በሳጥን በሳጥን ገባ። ከሚዜዎቹ አንዱ «ቤልጂየም ገንፎውን የሚበላው በብርጭቆ ነው እንዴ?» አለና ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ይታይሽ በሳቁ መሐል አልፋ ወጣች። ሮጬ ልደርስባት አልቻልሁም።

ቤት ስገባ ደረበ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ገና ነው።

«እትዬ፣ እኔ ጠማቂ አልነበርሁም» አለኝ። «መጋዘን ነው የሠራሁት። ከረጢት እሸከማለሁ። ጥሬውን ስንዴ ተሸክሜ አስገብቻለሁ። ብቅሉ በሌላ በር ነበር የሚገባው። ከወጣሁም ዓመት ሆነኝ።»

ልሰድበው ፈልጌ ነበር። ግን ብቅሉ በእኔም በር መጥቶ ነበር፤ የመለስሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት የኮባውን ቅጠል ገለጥሁት። ገብሱ በቅሏል። ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ጋቢ አንድ ላይ ይነሣል። ደርሶ ሊያልፍበትም ነበር። እንዳለ ታቅፌ ወደ ይታይሽ ወሰድሁላት።

«ልጄ፣ ይኸው ደረሰ። እናሰጣው፤ በዚህ ሳምንት ዳግም እንጥመቅ። ለጋሽ ቢያድግልኝ እኔ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

ልብሷን እያጠፈች ነበር። ብቅሉን ዳሰሰችው፤ በእጇ ጣት ነጩን ሥር ለየችው። የምትቀር መሰለኝ።

«እማ፣ አገር ሁሉ ሲስቅብኝ አይቻለሁ። እንደገና ቅጠል ውስጥ ተኝቼ የምጠብቅበት አቅም የለኝም» አለች።

ብቅሉን እንደታቀፍሁ ወደ ጓሮ ተመለስሁ።

ያ የደረበ ወረቀት በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቶ ነበር። ትምህርት በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ቤት ስጠርግ አገኘሁት። በጣቴ እየተከተልሁ፣ ፊደል በፊደል አነበብሁት። «ጥሬ ስንዴ ግማሽ፣ የገብስ ብቅል ግማሽ። ያለ ብቅሉ ስንዴው አይጣፍጥም» ይላል። የራሱ የደረበ ጽሕፈት ነው። አስተማሪያችንን ብጠይቀው አስረዳኝ። ጥሬ እህል ጣፋጩን ቆልፎ ይይዛል፤ የሚከፍተውን ነገር የሚያበጀው ሲበቅል ነው፤ የበቀለው ደግሞ ላልበቀለው ጭምር ይከፍትለታል። የእማማ ጠጅቱ እንቅብ ያንን ሁሉ ስንዴ በከፈተው ነበር።

ለይታይሽ በስልክ ነገርኋት። «ያኔ የጠየቅሽኝን አገኘሁት» ብዬ ጀመርሁ፤ ያነበብሁትንም አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። ከበስተኋላዋ አንዲት ሴት በማላውቀው ስም ትጣራለች። እዚያ ስሟን ለውጠውባታል።

«እማ፣ እየጠራችኝ ነው» አለችና ዘጋችው።

የሄደችው ከሠርጉ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። አውቶቡሱ የሚነሣው ጠዋት ነበር። ደረበም አሥር ቀኑ አልቆ ነበርና ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ አብሮን መጣ። የእሷን ሻንጣ አውቶቡሱ ላይ ጫነላት። ይታይሽ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ ገባች፤ በመስኮቱ በኩል አላየችኝም። አውቶቡሱ ሲነሣ ደረበ ቦርሳውን እንዳነገተ መንገዱ ዳር ቆሟል።

«አልሄድህም እንዴ?» አልሁት።

«ወዴት ልሂድ እትዬ?» አለ። «ያንን ገብስ ማን ያሰጣዋል?»

ተመልሰን ሁለታችን ጓሮ ገባን። ደረበ ብቅሉን ሰሌን ላይ በትኖ አሰጣው፤ እስከ ዛሬም ገብስ የሚነክርልኝ፣ ቅጠሉን ሳይቸኩል የሚጠብቀው እሱ ነው። ከዚያ የቀረውን ጋን ጭቃ ሰብረን ከፈትነው። እማማ ጠጅቱ ድምፁን ሰምተው በአጥሩ በር ገቡ፤ የይታይሽን ክፍል በር ገርበብ ብሎ ሲያዩት ቀስ አድርገው ዘጉት። ሦስታችን ጋኑን ይዘን አዘነበልነው። ነጩ ነገር የብርቱካኑን ልጣጭ ይዞ በቦዩ በኩል ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ፣ አውቶቡሱ ወደ ሄደበት ወረደ። ልጄ ሄዳ ነበር፤ ለአሥር ቀን የመጣው እንግዳ ቀርቶ ነበር፤ እማማ ጠጅቱም እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሲፈስ ቆመው አዩና «ሳይበቅል የተጠነሰሰ፣ ሳይጠጣ ፈሰሰ» አሉ።